በእልልታ የታደሰው የጀልባ መሳፈሪያ

በዚያ ዘመን ለሕዝብ ሥራ የሚዋጣው ገንዘብ ሳይሆን ድምፅ ነበር፤ አንዴ የሰጡት ደግሞ አይመለስም። የጎርጎራ የጀልባ መሳፈሪያና የዓሣ ማጥመጃ ቦታ ሲታደስ አቶ ቢያድግልኝ ማንኮራፋታቸውን ሰጥተው በጎረቤት ሁሉ ተመረቁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጄ ግን እልልታቸውን ሰጡ። ልጃቸው ምንትዋብ አርባ ዓመት ሞልቷት "አላገባም" ብላ ነበር፤ ታዲያ እልልታው ለማን ይቀመጣል?

ዛሬ ምንትዋብ በደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ቆርባ አግብታ፣ ከሙሽራው ጋር በጀልባ መጣች። የድሮው ጭቃ ሳይነካት በአዲሱ መሳፈሪያ ወረደች። ሊቀበሏት የወጡት ሴቶች የሙሽራዋ እናት እልልታውን እስኪጀምሩ ይጠብቃሉ። ወይዘሮ ጠጄ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

"አንቺም ማንኮራፋትሽን ስጪ ብዬሽ ነበር" አሉ ባልየው በሹክሹክታ።

"ዝም በል አንተ! እመቤቴ ማርያም፣ ምነው ለዛሬ ብቻ ብትመልሺልኝ?"

እንባቸው ሲመጣ ያየችው ምንትዋብ ቬሏን ገልጣ ራሷ እልልታውን አቀለጠችው። ሴቶቹ ደነገጡ። ሙሽራ ለራሷ እልል ትላለች እንዴ?

"ምን ላድርግ?" አለች እናቷን እቅፍ አድርጋ። "እማዬ ተስፋ ቆርጣብኝ እልልታዋን መሳፈሪያ አሠራችበት!"