የተዘረጋ ጉርሻ

ተዋናዩ ጉርሻውን ጠቅልሎ "ነይ እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!" ሲል፣ ሚስቱ ሆና የምትጫወተው ሴት ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ማለት ነበረባት። አልመጣችም። በአሰብ ወደብ ሠራተኞች አዳራሽ የተቀመጠው ተመልካች ወደ መጋረጃው ተመለከተ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ቬንቲሌተር ብቻ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። ከኢትዮጵያ ጋር ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ በየቀኑ ኢትዮጵያውያን በግድ ወደ አገራቸው ይሸኙ ስለነበር፣ ማንም አልሳቀም።

ተዋናዩ እጁን አላጠፈም፤ የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። የቲያትሩ አዘጋጅ "ቃል ሲጠፋብህ ሐሳብህን ወደ እግርህ አውርድ" ይለው ነበር። አወረደ። ባዶ እግሩ ሥር የሞቀውን ሳንቃ፣ በክንዱ ላይ የሚንጠባጠበውን ወጥ፣ የገዛ ትንፋሹን አዳመጠ። እጁ ረጋ። "እጠብቅሻለሁ፤ የት እሄዳለሁ?" አለ ለባዶው ወንበር። ይህ በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም።

ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። የሴትየዋ እውነተኛ ባል ነበር። መድረኩ ላይ ወጥቶ በሚስቱ ወንበር ተቀመጠና "አትጠብቃት፣ ወንድሜ" አለው በቀስታ። "ዛሬ ማለዳ ልጆቹን ይዛ ሄደች። እኔን ግን ኤርትራዊ ነህ ብለው ከኬላው መለሱኝ።" ከዚያም አፉን ከፈተ።

ተዋናዩ አጎረሰው። አላምጦ እስኪውጥ ጠበቀው። "አንድ ያጣላል" አለና እንደ ባህሉ ሁለተኛውን ሊጠቀልል ጎንበስ አለ። እስካሁን ረግቶ የቆየው እጁ ግን እንጀራውን መቁረስ አቃተው።