የሚያስጮኸው ግድግዳ

የእህትየዋ ጣት ኮምፒውተሩ ላይ በተከፈቱት ሁለት ድረ ገጾች መካከል ዋለለ። ሁለቱም ለፈጠራ ሥራ ከሕዝብ መዋጮ ያሰባስባሉ፤ አንደኛው የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፣ ሁለተኛው ግን መሣሪያው ሲሠራ የሚያሳይ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ካላየ በሩን አይከፍትም። ልቧ ያለው ጥብቁ ላይ ነበር፤ ሰው የሚያምነው እሱን ነዋ። ምን ያደርጋል፣ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ የቧንቧ ፍሳሽ አዳምጦ ሲያገኝ እንዲጮኽ ከታናሽ ወንድሟ ጋር የሠሩት መሣሪያ ከጠዋት ጀምሮ ደህናውን የሳሎን ግድግዳ በነካ ቁጥር ይጮኻል።

"እባክሽ አንደኛው ይሁን" አለ ወንድሟ፣ ስልኩን ደቅኖ እየቀረጸ። "ይሄ ዕቃ ለይቶለታል፤ በሰው ፊት ጉድ ሊያፈላብን ነው።"

"አንዴ ብቻ" ብላ እልህ እንደያዛት መሣሪያውን ግድግዳው ላይ ተጫነችው። ጮኸ። ወዲያው ልስኑ ተገምሶ እግሯ ሥር ወደቀና ከኋላው የተሰነጠቀ ቧንቧ ፊቷ ላይ ውሃ ረጨባት።

ወንድምየው በሳቅ ፍርስ አለ። "እማዬ ግድግዳዋን ስታይ ምን ልንላት ነው?"

"ምንም አንላትም፤ ቪዲዮውን እናሳያታለን። ብቻ ቀረጻውን እንዳታቋርጥ" አለችና ከአገጯ ውሃ እየተንጠባጠበ ጥብቁን ድረ ገጽ መረጠች።