በልኩ የተሰፋው ዩኒፎርም

«ውሃ የተወጋው የትኛው ልጄ ነው? ተናገር እንጂ!»

«ስንቴ ልማልልሽ ውቢት? ለእኔም አልተነገረኝም!» አለ ባሏ ዶክተር መርዕድ።

አዲሱ ሕግ ተመራማሪ ሁሉ የሠራውን ክትባት ሙከራ በገዛ ልጆቹ እንዲጀምር ያዛል። ከመንትዮቹ ከናሆምና ከኬብሮን አንዱ ክትባቱን፣ ሌላው ለማነጻጸሪያ ባዶ ውሃ ተወግቷል፤ ሳንባ የሚያደርቀው ወረርሽኝም ከተማው ዳር ደርሷል።

ውቢት፣ ባሏ ከልብስ ሰፊ ያመጣቸውን ዩኒፎርሞች አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው። የናሆም፣ እንደ ወጉ፣ ለከርሞም እንዲሆነው ሰፋ ተደርጎ እጅጌው ታጥፏል። የኬብሮን ግን ልክክ ያለ ነው።

«ቁመታቸው እኩል አይደል እንዴ? የኬብሮንን ለምን በልኩ አደረግኸው?»

ዶክተሩ ዓይኑን ከኬብሮን ዩኒፎርም አሸሸ። ውቢት አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች።

«እሰይ! የእኔ አይንዘላዘልም!» ኬብሮን ከመሃላቸው ገብቶ ዩኒፎርሙን ለበሰ፤ ቦርሳውን አንግቶ፣ እያፏጨ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣ።