ዲስኩን ያላወቀው ከርነል

ዋሽቼ እንደሆነ ምላሴን ይቁረጠው፤ የኮምፒውተርን ልብ፣ ከርነል የሚሉትን፣ በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው በዚህ አገር ከእኔ ሌላ አልተወለደም። ለመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር አዲስ ሠርቼ ባስነሳው ግን «ዲስክ የለም» ብሎ ቀጥ አለ። የአርባ ሺህ ሰው የቤት ካርታ የያዘው ዲስክ እዚያው ተሰክቶ። ሦስት ቀን እህል ሳልቀምስ መረመርኩት። ለካ ዲስኩን የሚያናግረው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ ከከርነሉ ውስጥ ተሰርዟል። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የምናውቀው ደግሞ እኔና ወንድሜ ያልኩት የሥራ ባልደረባዬ ደምሰው ብቻ ነን።

ኃላፊያችንን ሰርቨሩ ክፍል ድረስ አምጥቼ ደምሰውን ፊቱ አቆምኩት።

«አብረን በልተን፣ አብረን ጠጥተን ትከዳኛለህ?»

«እኔ አልነካሁትም» አለ ደምሰው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ኃላፊው የእገዳ ደብዳቤ ሊጽፍበት ወረቀት ሳበ። ይሄኔ ክፍሉን የምታጸዳው ብርነሽ ወለሉን መወልወሏን አቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት» አለች ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ። «ማክሰኞ ‹ይሄ ከርነል ወፍሯል፣ ላክሳው› እያሉ ሲሰርዙ ዋሉ። እኔንም ‹ይሄ ድራይቨር ምን ያደርጋል?› ብለው ጠየቁኝ። ‹እኔ ምን አውቃለሁ› ስልዎት፣ ሰረዙት።»