አምስተኛው መርፌ

ውሻው ገበሬውን ደረሰን የነከሰው ከወንድሙ ጋር በሚጣላበት ድንበር ላይ ነው። ቀበሌያቸው ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ጠዋት በርበሬውን ሊያይ ወጥቶ ሳለ፣ ለሃጩን የሚያዝረበርብ ውሻ ከኋላው መጥቶ ቁርጭምጭሚቱን ያዘው። ወደቀ። ጋቢው ፊቱ ላይ ተጠመጠመበት። ገልጦ ሲያይ ውሻው ሞቷል። ታላቅ ወንድሙ አድማሴ ዱላውን ይዞ አጠገቡ ቆሟል፤ ግራ እጁን በኩታው ጫፍ ጠቅልሎታል።

«አጥር ወጋኝ» አለ አድማሴ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። አባታቸው ባወረሷቸው መሬት መሐል ያለችው ቦይ ወዲህ ናት ወዲያ ናት ሲባባሉ ሽማግሌ ደክሞ ትቷቸዋል። የአድማሴ ልጆች ጎጆ ወጥተዋል። የደረሰ አራት ልጆች ግን ገና ሕፃናት ናቸው፤ ትንሿ ጡት እንኳ አልተወችም። ደረሰ ቢሞት መሬቱን ከሕፃናት እጅ ማን እንደሚወስደው ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ታዲያ አድማሴ በዚያ ማለዳ ድንበሩ ላይ ምን ይሠራ ነበር? ውሻውስ ከየት መጣ?

አድማሴ ግን በበቅሎው ጭኖ ወደ ከተማ ወሰደው። በጤና ጣቢያው ያምሮት የምትባል ነርስ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ብዙ ጊዜ ወስዳ አጠበችው። በመስኮቱ በኩል አድማሴ ይታያል፤ ቧንቧው ሥር ቆሞ እጁን ደጋግሞ ይታጠባል።

ጲላጦስም ታጥቦ ነበር፣ አለ ደረሰ በልቡ።

ቆይቶ ነርሷና አድማሴ በሩ ላይ ዝግ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ጆሮውን አቆመ። መንገዱ እንደ ተዘጋ፣ ከባሕር ዳር ምንም እንዳልመጣ ሰማ። ቀጥሎ የወንድሙ ድምፅ መጣ።

«ለእሱ ይሁን። እንዳትነግሪው።»

ያምሮት መርፌ ይዛ ስትመለስ ደረሰ እጁን ሰበሰበ። «ምንድን ነው የምትወጊኝ?»

«የሞተ በሽታ ነው» አለች። «ሰውነትዎ ውስጥ ዘበኞች አሉ። የሞተውን አይተው መልኩን ያጠናሉ፤ መመከቻውንም ያበጃሉ። ውሻው የተወብዎ እውነተኛው በነርቭ እየዳኸ ጭንቅላትዎ ሳይደርስ ይቀድሙታል። አምስት ቀጠሮ አለዎት፤ አንዱም እንዳይዘለል። ጭንቅላት ከደረሰ በኋላ መድኃኒት የለውም።»

በሽታ እንደምትወጋው በገዛ አፏ ተናገረች።

በማግሥቱ ክንዱ አበጠ፤ ትኩሳት ያዘው። በሁለተኛው ቀጠሮ ሲነግራት «ዘበኞቹ ሥራ ጀምረው ነው» አለችው። አላመናትም። ሦስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ከመደቡ አልነሣም አለ። አድማሴ በቅሎዋን ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል።

«ቦይ ስትገፋብኝ የኖርህ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን አሳዘነህ?» አለው ደረሰ።

«ተነሥ፤ ይመሽብናል።»

«ባልሄድስ?»

አድማሴ በቅሎዋን አሰረ። ገብቶ በአንድ እጁ ብብቱን ደግፎ አወጣው።

መንገድ ላይ አይነጋገሩም። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ግን አድማሴ ነርሷን ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃታል።

«መንገዱስ?»

«ገና ነው» ትለዋለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ምን የሚያመጣለትን መኪና ነው የሚጠብቀው? መሬት ገዥ ይሆን? ደረሰ ይህንን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ። ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለ። የአድማሴ እጅ ከዳነ ቆይቷል፤ እሱ ግን መዳፉን ከበቅሎዋ ኮርቻ ጋር ያፋትጋል፣ ያካል፣ መልሶ ያፋትጋል። ክፉ የሠራ እጅ አያርፍም፣ ሲል አሰበ።

አምስተኛው ቀጠሮ ሲደርስ አድማሴ አልመጣም። ደረሰ በቤቱ በኩል ሲያልፍ የወንድሙ ሚስት ገላነሽ ደጅ ላይ ቆማለች።

«ራሱን አሞት ተኝቷል» አለችው። «ከትናንት ጀምሮ እህል ውሃ እንቢ ብሎታል። አንተ ግን እንዳትቀር ብሎሃል።»

«ይማረው» አለ ደረሰ። ገብቶ አላየውም። ኅሊናው ነው የጣለው፣ እያለ በእግሩ ወደ ከተማ አቀና። ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጭነት መኪኖች አቧራ እያለበሱት አለፉ። ዛሬ ነርሷን ሳያናዝዝ ላይመለስ ቆርጧል።

ያምሮት ወጋችውና ካርዱ ላይ ጻፈች። «ጨረሱ። እንግዲህ ዘበኞችዎ ጠላታቸውን ያውቁታል።»

«አሁን ንገሪኝ» አለ ደረሰ። «የመጀመሪያ ቀን ወንድሜ አትንገሪው ያለሽ ምን ነበር?»

ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ ወደ ግቢው ተመለከተች፤ ማንም የለም። ተመልሳ ማቀዝቀዣውን ከፈተችና አዲስ ካርቶን አወጣች።

«ሁለታችሁም ተነክሳችሁ ስትመጡ የቀረን የአንድ ሰው መድኃኒት ብቻ ነበር፤ የእሳቸው ይኸው ትናንት ገባ። የታሉ?»