ከሼፉ ኋላ

ሼፉ በሰው አገር ጥሩ ምግብ ቤት የሚያገኝበት የራሱ ዘዴ ነበረው። የሆቴል ሠራተኛ አይጠይቅም፤ ጋዜጣም አያገላብጥም። ማለዳ ገበያ ይወርድና ሻጮቹን ያማረረ ደንበኛ ይፈልጋል። ቲማቲሙን አንድ በአንድ የሚያገላብጠውን፣ ዓሣውን አሽትቶ የሚመልሰውን፣ ዞር ሲል የሚታማውን። ከዚያ ዘንቢሉን እየተከተለ እስከ ማድ ቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። ተሳስቶም አያውቅም።

ታላቅ እህቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ቢሳሳት ደስ ባላት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ አገር በእጁ ይምላል፤ በቴሌቪዥን ሲቀርብ መንገዱ ጭር ይላል። ሳታገባ፣ ሳትወልድ ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህ ስም ነው። ዝንብ እንኳ እንዲያርፍበት አትፈልግም።

ያን ዕለት ጠዋትም አብራው ገበያ ወረደች። አንዲት ጎበጥ ያሉ አሮጊት ከሽንኩርት ሻጩ ጋር ሲነታረኩ ሼፉ ዓይኑ በራ።

"አገኘናት! ነይ ቶሎ፣ እትዬ።"

"ቆይ፣ ሻርፕ ልግዛ።"

"ደግሞ ጣልሽው? በየሄድንበት አንድ አንድ እያስቀረሽ ልንከስር ነው እኮ!"

"እርጅና ነው፣ ምን ላድርግ" አለችና አንዱን መርጣ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው።

አሮጊቷ ወደ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገቡ። ሼፉ ግን ወዲያው አልተከተላቸውም፤ ቆሞ መንገዱን ወደ ኋላ ቃኘ። በዚህ ጉዞ ልቡን ከሰረቁት ምግብ ቤቶች ሁለቱ፣ እሱ በልቶ በወጣ ማግስት ዐመድ ሆነው ተገኝተዋል። በመጀመሪያው ሰው አልተጎዳም። በሁለተኛው የአብሳዩ እጆች ተቃጥለው፣ ሰውየው ከእንግዲህ ቢላ እንደማይጨብጥ ሐኪም ነግሮታል። ሁለቱም ዘንድ የነበረ፣ ባለግራጫ ካፖርት ሰው አለ። ጥግ ይይዛል፤ ዓይኑ ከሼፉ ላይ አይነቀልም።

"እየተከተለኝ ነው" አለ ሼፉ። "ነገ ስሜ ከቃጠሎ ጋር ከተነሳ ማን በሩን ይከፍትልኛል?"

"እንግዲያውስ ወደ አገራችን እንግባ። እስካሁን የበላኸው አይበቃህም?"

"ይቺን ብቻ" ብሎ ገባ።

ጠረጴዛዎቹ ጥቂት ናቸው። የአሮጊቷ ባል፣ ሽማግሌው፣ አንድ ረዳት እንኳ ሳይኖራቸው ራሳቸው ያስተናግዳሉ። ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ወደ ላይ የሚወጣ የእንጨት ደረጃ አለ። ሽማግሌው በእጃቸው እያመለከቱ አወሩ፤ ሼፉም ለእህቱ ተረጎመላት።

"ከላይ ነው የሚተኙት። የሾርባው አጥንት ሌሊቱን በቀስታ ሲንተከተክ ያድራል፤ እሳቱ አይጠፋም ይላሉ። እንደነዚያ እንደሁለቱ ማለት ነው። ለካ ምስጢሩ አንድ ነው!"

እህቱ ደረጃውን ቀና ብላ አየች።

"እባክህ፣ እዚህስ አትብላ" አለችው። "እነዚህ ምስኪኖች ናቸው። ሌላ ቦታ እንሂድ።"

"እኔ ምን አደረግኋቸው?"

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ባለግራጫ ካፖርቱ ገባ። እንደ ወትሮው ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። የሼፉ ፊት ዐመድ መሰለ። ሰውየው ትንሽ ቆይቶ ተነሳና አንድ እጁን ካፖርቱ ውስጥ ከትቶ ወደ እነሱ መጣ። እህቱ የጠረጴዛውን ቢላ ጨበጠች።

ሰውየው ያወጣው የሼፉን የምግብ መጽሐፍ ነበር።

"ይቅርታ ሼፍ" አለ፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ላብ አጥምቆት። "የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እርስዎ የበሉበትን እየተከተልኩ ነው የምበላው። እስከ ዛሬ ድፍረት አጥቼ ነው። አንዴ ይፈርሙልኝ?"

ሼፉ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ፈረመለት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ሰውየው ጮቤ እየረገጠ ወደ ጥጉ ተመለሰ።

"አየሽ፣ እትዬ? ከንቱ ፍራቻ! ቃጠሎውም በቃ የአጋጣሚ ነገር ነው።"

ሾርባው ቀረበ። እህቱ ቢላውን አስቀምጣ የወንድሟን እጅ ትመለከት ጀመር። ሼፉ አመል አለው። ምግቡ ደህና ከሆነ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ይተወዋል። ከራሱ እጅ የሚበልጥ ሲገጥመው ግን ቃል ሳይተነፍስ ጠረጴዛው ላይ ይደፋዋል። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ እሷ ትነሳና ማድ ቤት ትገባለች፤ ቋንቋ ስለማታውቅ የአብሳዩን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አመስግና ትመለሳለች። ሼፉ ይህን ትሕትናዋን ለሰው ሲያወራ አይጠግብም።

አንዴ ቀመሰ። ደገመ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

እህቱ ሳህኑ ውስጥ እንዲተወው በልቧ ስትለምን፣ ሼፉ ማንኪያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

የእንጨቱን ደረጃ እንደገና አየችው። እንባ በዓይኗ ሞላ።

ከዚያ ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ በእጇ ጠቅለል አደረገችና፣ እንደ ልማዷ አብሳይዋን ልታመሰግን ወደ ማድ ቤት ገባች።