አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር

«ተጫኚው እንጂ! እንቁላል መሰለሽ እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ የብስክሌቱን መሪ በሁለት እጇ ጨብጣ ባለ በሌለ ኃይሏ ተጫነችው። ንዝረት የሚውጠው የፊቱ አሞርዛተር ሰመጠና መልሶ ቀና አለ። ብረቱ ላይ የተጠለቀችው ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ግን ወደ ላይ እንደተገፋች ቀረች።

«አየሻት?» አላት ሻጩ፣ ቀለበቷን በጥፍሩ እየነካ። «ይቺ ውሸት አታውቅም። ምን ያህል እንደሰመጠ ትነግርሻለች። ይኼ የሚሰምጠው አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ነው። ቀለበቷ የብረቱን ጫፍ ከነካች ብስክሌቱ አልበቃሽም ማለት ነው።» ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ሲለጥፍ ስለኖረ ሰፈሩ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ረስቶ «ጋሽ ከመነዳሪ» ነው የሚለው።

«ያ ትልቁ ብስክሌትስ፣ ጋሼ?»

«እሱማ ድንጋይ ይውጣል፤ አስፋልት ላይ ግን እርጉዝ ላም ነው።»

«ቀጭኑስ?»

«አስፋልት ላይ ነፋስ! ድንጋዩ ጋ ስትደርሺ ግን አንቺ ነሽ እሱን የምትሸከሚው።» ሳቀ። «ምን ላድርግሽ፣ ሁለቱንም ፈለግሽ። ሁለት ወዶ አይሆንም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሁለቱም መንገዴ ላይ ነዋ ያሉት» አለች። «መጀመሪያ አስፋልቱ፣ ከዚያ የኮረብታው ድንጋይ። እህቴ ቤት ከኮረብታው ማዶ ነው። እዚያ መኪና አይወጣም።»

«ታዲያ አስፋልቱ ላይ ምን አስቸኮለሽ?»

ፊቷ ላይ የወደቀውን ፀጉር ልትመልስ እጇን ስታነሳ እጅጌዋ ተንሸራተተ። አንጓዋ ላይ የአምስት ጣት ምልክት ሰማያዊ ሆኖ ተጋድሟል። ጋሽ ከመነዳሪ ሳቁን ዋጠ።

«ባልሽ ነው? መኪና አለው?»

«ሾፌር ነው።»

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ኮርቻውን በቁመቷ ልክ ዝቅ አደረገ፤ ጎማውን ነፍቶ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ፈተሸው። «ከሁለቱ መሀል ያለው ይኼ ነው። ይበቃሻል» አላት። አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር! ስንዝር እንኳ አይሞላም። ከስንዝር ባነሰ ነገር ነፍስ ይተርፋል? ልቧ አላመነም።

ፍሬን ሲያጢጥ ተሰማ። ያንን ፍሬን ከመቶ መኪና መሀል ትለየዋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ደጃፏ ላይ ስትሰማው ኖራለች። ፒክአፑ የሱቁን በር ከግድግዳ እስከ ስልክ እንጨት ግጥም አድርጎ ቆመና ቤቱ ጨለመ። ሾፌር አይደል፤ መኪና ካጋደመ ዓለም ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል። ባሏ በኮፈኑ ላይ ተንሸራቶ ገባ።

«አሃ፣ እመቤቲቱ! ብስክሌት አማረሽ?»

«ወንድሜ፣ እስቲ ተረጋጋና…»

ጋሽ ከመነዳሪ አልጨረሰም። ቡጢው አፉ ላይ አረፈና ከተሰቀሉት የጎማ ቸርኬዎች ጋር ተያይዞ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

አጅሬ ወደ ሚስቱ ዞረ። ፀጉሯን በመዳፉ ጠቅልሎ ግንባሯን ከሥራ ጠረጴዛው ጋር አላተመው። አንዴ። ሁለቴ። ብሎን በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ቅንድቧ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኗን ሞላው። ቤት ቢሆን ይኼኔ «በናትህ» የምትልበት ሰዓት ነው። ዛሬ አላለችም። ለካ ፈርታ ፈርታ ፍርሃቷ አልቆ ኖሯል። እጇ ጠረጴዛውን እየዳበሰ እንደ ልማዱ መቀስ ፈለገ፤ ያገኘው ግን የብረት መንፊያውን ነው። ሳታይ ወደ ኋላ ወነጨፈችው።

ብረቱ የባሏን ቅልጥም አገኘው። «ዋይ!» ብሎ ፀጉሯን ለቀቀ። የሰው ጩኸት አንጀት ያርሳል ቢሏት አታምንም ነበር፤ የሷ አንጀት ግን ራሰ።

«እሰይ! ድገሚው!» አለ ሽማግሌው ከወለሉ ላይ፣ ደምና ጥርስ እየተፋ።

ባልየው ዓይኑ ደም ለብሶ እያነከሰ መጣ። ሽማግሌው ተንፏቆ እግሩ ላይ ተጠመጠመበት። «በጓሮ በር! በደረጃው!» ብሎ ጮኸላት። ባልየው በሌላው እግሩ የሽማግሌውን ጎን ደጋግሞ ረገጠው፤ አጥንት ቀሽ ሲል በጆሮዋ ሰማች። ሽማግሌው ግን አልለቀቀም።

«ምን ታዪኛለሽ? ሂጂ፣ ልጄ!»

ሄደች። ብስክሌቱን እየገፋች የጓሮውን በር በጎማው በርግዳ ደረጃው አፋፍ ላይ ደረሰች። ሠላሳ የድንጋይ ደረጃ፣ ቁልቁል። ብስክሌት የነዳችው ልጅ ሆና ከእህቷ ጋር ነው፤ ደረጃማ በሕልሟም ወርዳ አታውቅም። ኮርቻው ላይ እንደወጣች ከሽማግሌው ያመለጠው ባሏ ደርሶ ከኋላዋ ቀሚሷን ጨመደደው። ራሷ የሰፋችው ልብስ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተረተረ። ስፌቷ ሲፈታ ተመስገን ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወረደች። ጥርሷ ከጥርሷ ተጋጨ፤ ክንዷ ከትከሻዋ ሊነቀል ደረሰ። ደሙ ዓይኗን ስለጋረዳት ደረጃውን የቆጠረችው በወገቧ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ከሁሉም ከፍ ያለ ነበር። ብስክሌቱ ከነነፍሷ ተወርውሮ አስፋልቱ ላይ አረፈ። በቃ፣ ተሰበረ አለች። ሰመጠ፣ ሰመጠ፣ ከዚያ ቀና አለ።

ከላይ ስድብ ይዘንባል። ቀጥሎ የፒክአፑ ሞተር አጓራ፤ ራሱ ግጥም አድርጎ ካቆመበት ለማውጣት አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ የስልክ እንጨቱን ሲላተም ይሰማል። «ንጂው!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ በሳል ተቆራርጦ ደረሳት። በሕይወት አለ። ዕንባዋ ከደሟ ጋር ተደባልቆ ወረደ።

ፔዳሉን ረገጠች። ኮረብታው ከአስፋልቱ ጫፍ ላይ ይታያታል። ከቅንድቧ አንዲት የደም ጠብታ አሞርዛተሩ ላይ ስትወድቅ ጎንበስ ብላ አየች። የላስቲኳ ቀለበት ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ተገፍታለች፤ ጫፉን ልትነካ አንድ ጣት ሲቀራት ቆማለች።